ሮቦቱ ሲገባ ውጭ የሚቀረው ሰው

*ማዕድን ሲደረመስ ወይም ሲፈነዳ ሮቦት ይላካል። ሮቦቱን የሚነዳው ሰው ግን ምን ያያል? ምን ይጨብጣል? አጠገቡስ ማን ይቁም?*

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2010 ነው። በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት፣ በፓይክ ሪቨር የድንጋይ ከሰል ማዕድን በር ላይ አንድ የጦር ሠራዊት ሮቦት ለመግባት ተዘጋጅቷል። ከ4 ቀን በፊት፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ውስጥ የተጠራቀመ ሚቴን ጋዝ ፈንድቷል። 2 ሰዎች በእግራቸው ወጥተዋል። 29 ሰዎች አልወጡም። ከበሩ እስከ ከሰሉ የሚያደርሰው ዋሻ ተራራውን ሰርስሮ 2.3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የመተንፈሻ መሣሪያቸውን አሰናድተው ይጠብቃሉ፤ ሌላ ፍንዳታ ይከተላል ተብሎ ስለተፈራ ግን አልተፈቀደላቸውም። ቤተሰብም ይጠብቃል።

ሮቦቱ ገባ። 550 ሜትር ያህል እንደሄደ ከዋሻው ጣሪያ የሚወርድ ውሃ አገኘውና ቀጥ አለ። የተሠራው ቦምብ ለማምከን ነበር፤ እርጥብ ዋሻ ውስጥ ይገባል ብሎ ያሰበለት አልነበረም። በማግስቱ ሁለተኛው ፍንዳታ ተከተለ። በሕይወት ያለ ሰው ይገኛል የሚለው ተስፋም በዚያው አበቃ።

እንዲህ ያለ አደጋ በሰማን ቁጥር «ሮቦት ተልኳል» የሚለው ዜና አብሮ ይመጣል፤ ለአብዛኞቻችንም ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል። ሮቦቱ በራሱ አስቦ፣ በራሱ ፈልጎ የሚመለስ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ሮቦት ጀርባ፣ ከዋሻው ውጭ ወይም ንጹሕ አየር ባለበት ቦታ፣ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ሌሊቱን አልተኛም። እጁ ላይ ጓንት አለ። ከኋላው አለቆች፣ ከአጥሩ ባሻገር እናቶች ቆመዋል። የሮቦቱ ጉልበት፣ ካሜራና ባትሪ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ይህ ሰው ሊጠቀምበት እስከቻለ ድረስ ነው። ስለ ሮቦቶቹ ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ ሰው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ሕይወት የሚተርፈውም የሚጠፋውም በእሱ እጅ ሆኖ ሳለ።

በሩ ላይ የሚጠብቁት

በከሰል ማዕድን አደጋ ጊዜ ከፊት የሚሰለፉት ነፍስ አድኖች ባዕድ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ራሳቸው ቆፋሪዎች ናቸው። ውስጥ የቀረው ሰው የሥራ ባልደረባቸው፣ ጎረቤታቸው፣ አንዳንዴም ወንድማቸው ነው። በር ላይ ቆማችሁ ጠብቁ ማለት ለእነሱ ከመግባት ይከብዳል።

የሚጠብቁበት ምክንያት ግን በደም የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2007 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የክራንዳል ካንየን ማዕድን ተደርምሶ 6 ሰዎች ውስጥ ቀሩ። ከ10 ቀን በኋላ እነሱን ለመድረስ በሚቆፈርበት ቦታ ላይ ግድግዳው ዳግም ፈንድቶ 3 ነፍስ አድኖችን ገደለ። ከዚያ ወዲያ ከተራራው አናት ወደ ታች በተቆፈረ ቀጭን ጉድጓድ በኩል አንዲት ትንሽ ሮቦት ከ400 ሜትር በላይ በገመድ ወረደች። ጭቃና ውሃ፣ ጨለማና የተቆራረጠ ሽቦ ጠበቃት። ወደ ላይ ስትጎተትም ተይዛ እዚያው ቀረች።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2006፣ በዌስት ቨርጂኒያ ሳጎ ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 13 ሰዎች ተቀብረው ነበር። የጋዙ መጠን አስጊ ስለነበር የመጀመሪያው ነፍስ አድን ቡድን እስኪገባ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ጠፋ። የአሜሪካ የማዕድን ደኅንነት መሥሪያ ቤት ቪ-2 የተባለ ሮቦት ነበረው፤ ከ500 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በጎማ ሰንሰለት የሚሄድ፣ ሞተሮቹ ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳያወጡ ታሽገው የተሠሩ፣ ከ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት በፋይበር ኦፕቲክ ገመድ የሚነዳ። ቪ-2 ገባ፤ 800 ሜትር ያህል እንደሄደ ተይዞ ቀረ።

የነፍስ አድን ሰዎች ስለ ሮቦት ሲጠየቁ ቶሎ የሚያነሡት ስጋት ከዚህ ይመነጫል። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ግማሽ ቶን ብረት መሐሉ ላይ ከተገተረ ለሚከተለው ሰው እንቅፋት ነው። መሐንዲሱ «ሮቦቱ የሰው ሕይወት ይተካል» ሲል የቡድን መሪው «መንገዴን ይዘጋብኛል» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሮቦቱ የት ተይዞ እንደሚቀር አስቀድሞ ማየት የሚችል ሰው ግን ውጭ ስክሪኑ ላይ የተቀመጠው ብቻ ነው፤ እሱም የሚያየው የታየለትን ያህል ነው።

በቁልፍ ቀዳዳ የሚታይ ዋሻ

ሰው በእግሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ የሚሠራው ዓይኑ ብቻ አይደለም። መሬቱ ማዘንበሉን ቁርጭምጭሚቱ ይነግረዋል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጉንጩ ያውቃል። ከኋላው ጠጠር ሲንከባለል ሳያስበው ዞር ይላል። የኖረ ቆፋሪማ ጣሪያውን በብረት ዘንግ ኳ ኳ አድርጎ ከድምፁ ድንጋዩ መላቀቁን ይለያል።

ኦፕሬተሩ ይህ ሁሉ የለውም። ያለው ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለ፣ ወደፊት ብቻ የሚያይ ካሜራ ነው። የዘርፉ ተመራማሪዎች ሁኔታውን ትልቅ አዳራሽ በቁልፍ ቀዳዳ ከማየት ጋር ያመሳስሉታል፤ የሚታየው ቁራጭ ጥርት ያለ ቢሆንም ቁራጩ ከምኑ እንደተቆረጠ አይታወቅም። ትንሽ ድንጋይ ካሜራው አፍንጫ ሥር ሲሆን ቋጥኝ ይመስላል። ሮቦቱ በአንድ ጎኑ ፍርስራሽ ላይ ወጥቶ ሊገለበጥ ሲል፣ ካሜራው አብሮ ስለሚያዘነብል ምስሉ ውስጥ ወለሉ ደልዳላ ሆኖ ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የነፍስ አድን ሮቦቶች ውድድር ላይ ተመራማሪዎች ኦፕሬተሮችን ከጀርባ ሆነው ይመለከቱ ነበር። አንዱ ኦፕሬተር ተጎጂ ለመፈለግ ካሜራውን ወደ ጎን አዞረ፤ ከዚያ መመለሱን ረሳ። ስክሪኑ ላይ መንገዱ ክፍት ነው። ወደፊት ሲል ሮቦቱ ይጋጫል። የሚያየው የጎኑን፣ የሚነዳው የፊቱን መሆኑን የሚነግረው ምንም ነገር ስክሪኑ ላይ አልነበረም። ያ ሰው ችሎታ አልጎደለውም። የጎደለው ስክሪኑ ጥግ ላይ የሮቦቱን ገላና የካሜራውን አቅጣጫ የምታሳይ አንዲት ትንሽ ሥዕል ነበረች።

> ካሜራው አብሮ ስለሚያዘነብል ምስሉ ውስጥ ወለሉ ደልዳላ ሆኖ ይቀጥላል።

ሚካ ኤንድስሊ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 የሰውን የሁኔታ ግንዛቤ በሦስት ደረጃ ከፍለውት ነበር፦ ነገሩን ማየት፣ ያዩትን መረዳት፣ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት። ክፍፍሉ መጀመሪያ በአውሮፕላን አብራሪዎች ዘንድ ታወቀ፤ ማዕድን ውስጥ ግን ይበልጥ ያስፈልጋል። የብዙዎቹ ሮቦቶች ስክሪን ሰውየውን አንደኛው ደረጃ ላይ ይተወዋል። ምስል ይሰጠዋል፤ መረዳቱንና መገመቱን ለደከመው አእምሮው ይተውለታል። ለዚህም ነው ኦፕሬተሮች ከጊዜያቸው ብዙውን ሮቦቱን አቁመው «አሁን የት ነኝ? ይህ የማየው ምንድን ነው?» በማለት የሚያሳልፉት።

መፍትሔዎቹ አሉ፤ ብዙዎቹም ውድ አይደሉም። የሮቦቱን ማዘንበል የሚያሳይ መስመር፣ ወደ ኋላ የሚያይ ካሜራ፣ ሮቦቱ በሌዘር እየለካ የሚሥለው ካርታና በካርታው ላይ ሮቦቱን ከኋላና ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው የሚያሳይ ምስል። የመጨረሻው በተለይ ነገሩን ይለውጣል። ኦፕሬተሩ ከሮቦቱ ሆድ ወጥቶ ከኋላው ይሄዳል፤ ግራ ቀኙን ያያል፤ የመጣበትን መንገድ አይረሳም።

መጨበጫው

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጀሚናይ-ስካውት የተባለ የማዕድን ነፍስ አድን ሮቦት ይፋ አደረገ። ሮቦቱ ከ1 ሜትር ከ20 የማይበልጥ ርዝመት፣ ውሃ ውስጥ የሚሻገር ገላ፣ የሙቀት ካሜራ፣ ጋዝ መለኪያና ወዲያና ወዲህ የሚያነጋግር ድምፅ ነበረው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን መቆጣጠሪያው ነበር። መሐንዲሶቹ አዲስ መጨበጫ ከመፈልሰፍ ይልቅ የኤክስቦክስ ጌም ጆይስቲክ ወሰዱ።

ምክንያታቸው ለማንም ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ እንኳ ጆይስቲኩን ሳያይ ጣቶቹ የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ዓይኑ ከስክሪኑ አይነቀልም። ያ ልምድ በዓመታት የተገነባ ነው፤ ማዕድን ሲፈነዳ ደግሞ ሰው ለማሠልጠን ጊዜ የለም። በጦር ሠራዊት ሮቦቶችም ይኸው ተደርጓል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳይቀር የአዳዲስ ሰርጓጅ መርከቦቹን መመልከቻ መቆጣጠሪያ ከትልልቅና ከባድ መጨበጫዎች ወደ ጌም ጆይስቲክ አዛውሮታል።

ይህን ምርጫ እደግፋለሁ፤ ያልተፈቱ ነገሮቹ ግን መነገር አለባቸው። የጆይስቲኩ ቁልፎች ለባዶ ጣት የተሠሩ ናቸው። ወፍራም ጓንት ያጠለቀ አውራ ጣት ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ይጫናል። በጣት የሚነካ ስክሪን ደግሞ ይብሳል፤ ጭቃና እርጥብ ጓንት አያውቅም።

ሁለተኛው ችግር ስውር ነው። መጨበጫው ላይ ያለው ዘንግ ሁለት ሲሆን ሮቦቱ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ብዙ ነው፦ ሰንሰለቱ፣ ክንዱ፣ ካሜራው፣ መብራቱ። ስለዚህ አንዱ ዘንግ በአንድ ቁልፍ ሥራው ይለወጣል። አሁን መንጃ የነበረው ከአፍታ በኋላ ክንድ ማንሻ ይሆናል። ኦፕሬተሩ ሥራው መለወጡን ከረሳ፣ ካሜራ አዞራለሁ ብሎ ሮቦቱን ወደ ገደል ይነዳዋል። ስለዚህ ስክሪኑ «አሁን የያዝከው ክንዱን ነው» እያለ ያለማቋረጥ ሊነግረው ይገባል፤ በትንሽ ፊደል ጥግ ላይ ተጽፎ ሳይሆን ዓይኑ ባለበት ቦታ ላይ ሆኖ፣ ቢቻልም በድምፅ። እጁ ሲለቀው ደግሞ ሮቦቱ ይቁም። ሌላ ሰው ትከሻውን ነክቶ ሲጠራው ዞር ማለቱ አይቀርምና።

ከዚህ ሌላ ኤሌክትሪክ ራሱ ጠላት የሚሆንበት ቦታ ላይ እንዳለን አንርሳ። ሚቴን ሊኖርበት በሚችል የማዕድን ክፍል ውስጥ ተራ ላፕቶፕ፣ ተራ ባትሪ፣ ተራ ጆይስቲክ አይገባም፤ አንዲት ብልጭታ በቂ ናት። ኦፕሬተሩ ከመሬት በታች ንጹሕ አየር ባለበት ጣቢያ መቀመጥ ካለበት መሣሪያው ሁሉ ብልጭታ እንዳያወጣ ተደርጎ ተሠርቶና ተመርምሮ መረጋገጥ ይኖርበታል። ይህ ክብደት ይጨምራል፤ ዋጋም እንዲሁ። ገዥዎቹ ጥቂት ስለሆኑም አምራቾች ገንዘባቸውን አያፈሱበትም። ፓይክ ሪቨር ላይ የቦምብ ሮቦት የመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቁጥሩ ሲወርድ አደጋው ሲጨምር

ስክሪኑ ላይ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ለሕይወት የሚቀርበው የጋዝ ንባብ ነው፤ በእኔ እምነት በደንብ ያልታሰበበትም እሱ ነው።

ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። ከ5 በታች ሲሆን ለፍንዳታ ያንሳል። ከ15 በላይ ሲሆን ደግሞ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ለጊዜው አይፈነዳም። አሁን አንድ ሮቦት ከፍንዳታ በኋላ ወደታፈነ ክፍል ገባ እንበል። ንባቡ 20 በመቶ ነው። ስክሪኑ በቀይ ያበራል። ውጭ ያሉት ሰዎች አየር ማስገቢያውን ከፈቱት፤ ቁጥሩ ወደ 17፣ ወደ 14፣ ወደ 10 ወረደ። ለማንኛውም ተራ መለኪያ ይህ መልካም ዜና ነው። ቀዩ ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ወደ ቢጫ እየለዘበ ይሄዳል። በእውነት ግን ክፍሉ ከማይፈነዳበት ወደሚፈነዳበት ገብቷል፤ አሁን አንድ ብልጭታ የሚጠብቅ ቦምብ ሆኗል።

የማዕድን ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ካዋርድ ትሪያንግል የሚባል ሥዕል አላቸው፤ በአንድ ወገን የሚቴኑ፣ በሌላው የኦክስጅኑ መጠን ይሰፈርና የሁለቱ መገናኛ ነጥብ ትሪያንግሉ ውስጥ ከወደቀ አየሩ ይፈነዳል። ኦክስጅኑ ከ12 በመቶ ገደማ በታች ከሆነ ነጥቡ ውጭ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ነጥቡ አሁን ያለበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ልምድ ያለው የቡድን መሪ ወረቀት ላይ ነጥብ ከነጥብ እያያዘ ይሥለዋል፤ መስመሩ ወደ ትሪያንግሉ ካመራ ሰዎቹን ያስወጣል።

> ቁጥሩ ወደ 17፣ ወደ 14፣ ወደ 10 ወረደ። ለማንኛውም ተራ መለኪያ ይህ መልካም ዜና ነው።

እንግዲህ ለሮቦቱ ስክሪን የሚሠራ ንድፍ አውጪ ከዚህ የቡድን መሪ ጎን ሳይቀመጥ ምን ሊሠራ ይችላል? ቆንጆ መለኪያ ይሠራል፤ ቀይና አረንጓዴ ይቀባዋል። ቀለሙ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም፤ ነፍስ አድኖቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። በሚያውቁት ትሪያንግል ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብና ከኋላዋ የምትተወው ዱካ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን ሥዕል በአንድ ሌሊት እንዲረሱ አያስገድዳቸውምና።

ሁለት ሰው፣ አንድ ሮቦት

ሮቢን መርፊ የተባሉት አሜሪካዊት የሮቦት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2001 የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲፈርሱ ሮቦቶች ይዘው ፍርስራሹ ላይ ከደረሱት አንዷ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት ደጋግሞ የታየ ነገር አለ፦ አንድ ሰው ብቻውን ሲነዳም ሲፈልግም ብዙ ነገር ያልፈዋል። ሁለት ሰዎች አንድ ስክሪን እያዩ ጮክ ብለው ሲነጋገሩ ግን ተጎጂ የማግኘት ዕድላቸው በእጅጉ ይጨምራል። አንዱ «ያ ግራ በኩል ያለው ጨርቅ ነው ወይስ እጅ?» ይላል፤ ሌላው ያቆማል፤ ይመልሳል፤ ያያሉ።

ይህ ለገንዘብ ያዦች ደስ የሚል ውጤት አይደለም። ቴክኖሎጂ ሲመጣ የሚጠበቀው የሰው ቁጥር እንዲቀንስ ነው። ለንድፍ አውጪው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። ስክሪኑ ለሁለት ሰው የሚበቃ ይሁን፤ ሁለተኛው ሰው በጣቱ የሚያመለክትበት፣ ምስሉን ወደ ኋላ መልሶ የሚያይበት የራሱ ቦታ ይኑረው። በጃፓኑ ፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2011 የተላኩት ሁለት ሮቦቶች በዚሁ ዓይነት መንገድ ተረዳድተዋል፤ አንዱ በር ሲከፍት ሌላው ከኋላ ሆኖ ያሳይ ነበር፤ የመጀመሪያው ኦፕሬተር የራሱን ሮቦት በጓደኛው ዓይን አየው።

ሰው ለሰው የሚያቀብለው ቃል ሊዛባ እንደሚችል ደግሞ ሳጎ ላይ የደረሰው ሌላው መከራ ያሳያል። ከሮቦቱ ጋር ባይገናኝም ከመልእክት ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነፍስ አድኖቹ የተቀበሩትን አገኟቸው። መልእክቱ የመተንፈሻ ጭንብል ካጠለቀ ሰው አፍ ወጥቶ፣ ከመሬት በታች ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተቀባበለ፣ ውጭ ሲደርስ ተገለባበጠ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሚጠብቁት ቤተሰቦች 12ቱ በሕይወት አሉ ተባለ። ደወል ተደወለ፤ ሰው ተቃቀፈ። ከ3 ሰዓት ገደማ በኋላ እውነቱ መጣ፦ በሕይወት የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ 12ቱ አልፈዋል።

የነፍስ አድን ሮቦት መቆጣጠሪያ የሚሠራ ሰው ይህን ታሪክ ማወቅ አለበት። የሥራው አንድ ክፍል ምስል ማሳየት ነው። ሌላው ክፍል የታየው ነገር ማን ዘንድ፣ በምን ቃል፣ በስንት ሰው አፍ አልፎ እንደሚደርስ መወሰን ነው። ምስሉ ተቀድቶ፣ ሰዓትና ቦታ ተጽፎበት፣ ሳይቀባበል በቀጥታ ለሚወስነው ሰው የሚደርስበት መንገድ አስቀድሞ ካልተሠራ፣ ከጭንብል ጀርባ የሚወጣ ድምፅ ዳግመኛ ሰው ይሰብራል።

አንድ ሰው፣ ብዙ ሮቦት

እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2021 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ከመሬት በታች የሚደረግ ትልቅ ውድድር አካሄደ። አንዱ ምዕራፍ በፒትስበርግ አጠገብ በምርምር የከሰል ማዕድን ውስጥ ተደረገ፤ የመጨረሻው በኬንታኪ ሉዊቪል ባለ ግዙፍ ዋሻ ውስጥ። ደንቡ ከባድ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የፈለገውን ያህል ሮቦት ያስገባል፤ ከእነሱ ጋር መነጋገር የሚፈቀድለት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ዋሻው ውስጥ ሙቀት ያለው አሻንጉሊት ሰው፣ የእጅ ስልክ፣ ቦርሳ፣ ገመድ፣ የራስ ቆብና ሌሎች ነገሮች ተደብቀዋል። የተገኘው ነገር ቦታ ከ5 ሜትር ባልበለጠ ስህተት መነገር አለበት።

ሬዲዮ በድንጋይ ውስጥ ብዙም አያልፍም። ሮቦቶቹ እየሄዱ ትናንሽ ማስተላለፊያዎችን በየማዕዘኑ ይጥሉ ነበር፤ ከዚያም በላይ ከሄዱ በራሳቸው አስበው ፈልገው፣ መገናኛ ያለበት ድረስ ተመልሰው ያዩትን ይናገሩ ነበር። በመጨረሻው ዙር ሰርበረስ የተባለው ቡድንና የአውስትራሊያው ሲኤስአይአርኦ (CSIRO) ቡድን እኩል 23 ነጥብ አገኙ፤ በሰዓት ልዩነት ሰርበረስ አሸንፎ 2 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ እዚህ የታየው የሰውየው ሥራ መለወጡ ነው። መንዳት ቀርቶ መፍረድ ሆኗል። ሮቦቱ «ይህ የራስ ቆብ ይመስለኛል» ብሎ ፎቶ ይልካል፤ ሰውየው አዎ ወይም አይደለም ይላል። አራትና አምስት ሮቦቶች በአንድ ጊዜ ሲልኩ ግን ፎቶው ይከማቻል፤ የትኛውን አስቀድሞ ይይ? አንዱ ሮቦት ወድቋል፤ ሌላው ባትሪው አልቋል፤ ሦስተኛው ምናልባት ሰው አግኝቷል። ማንቂያው ሁሉ እኩል ከጮኸ አንዱም አይሰማም። የውድድሩ የመጨረሻ ዙር የፈጀው አንድ ሰዓት ነው፤ እውነተኛው አደጋ ግን ቀናት ይወስዳል። ይህ ዓይነቱ ነጻነት ያለው ሮቦት ወደ ማዕድን መምጣቱ የማይቀር ይመስለኛል። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጥሎ ከመጣ ግን ከላይ ስለ ሁለት ሰው የተማርነውን ሁሉ እንደረሳነው ነው።

ከጨለማው ወገን

እስካሁን ያወራነው ከውጭ ስላለው ሰው ነው። ሮቦቱ ሌላ ፊትም አለው።

ለሰዓታት በጨለማ የቆየ፣ የተጎዳ፣ ጆሮው በፍንዳታው የደነዘዘ ሰው አስቡ። ከርቀት የብረት ሰንሰለት ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ኃይለኛ መብራት ዓይኑ ላይ ይበራል። ማን እንደሆነ አያውቅም። መርፊና ባልደረቦቻቸው ይህን ሁኔታ «ሰርቫይቨር በዲ» በተባለ ፕሮጀክት አጥንተውት ነበር፤ ሐሳቡም ሮቦቱ ትንሽ ስክሪንና ድምፅ ይዞ ተጎጂው አጠገብ እንዲቆይ፣ ሐኪም ወይም ቤተሰብ እንዲያነጋግረው ነው። ከተገኘ በኋላ እስኪወጣ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ ብቻውን አለመሆኑ ራሱ ሕክምና ነው።

> መብራቱን አደብዝዞ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከመቅረቡ በፊት በሚያውቀው ቋንቋ ተናግሮ ይቅረብ።

እዚህ ላይ የንድፍ ሥራው ከባድ ቴክኖሎጂ አይፈልግም። ሮቦቱ ወደ ሰው ሲደርስ መብራቱን አደብዝዞ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከመቅረቡ በፊት በሚያውቀው ቋንቋ ተናግሮ ይቅረብ። ኦፕሬተሩም ይህን ሁሉ በአንድ ቁልፍ የሚያደርግበት መንገድ ይኑረው፤ ያን ጊዜ የእሱም ልብ እየመታ ነውና።

ደላንታ

ወደ አገራችን እንምጣ። በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀ ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ አለ። ኦፓሉ የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ በሚያልፍ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው፤ ወጣቶቹ በዶማ፣ በመዶሻና በመሮ ወደ ጎን እየሰረሰሩ ይገባሉ። ካርታ የለም። ድጋፍ የሚሆን እንጨት ብዙ ጊዜ የለም። በ2016 ዓ.ም. እዚያ ዋሻ ተደርምሶ ወጣቶች ውስጥ ሲቀሩ፣ ነዋሪው ያለውን የእጅ መሣሪያ ይዞ ሊያወጣቸው መቆፈሩን ሰምተናል።

የኦፓሉ ዋሻ ከከሰሉ ማዕድን ይለያል። ዋናው አደጋ መደርመስ ነው፤ ግማሽ ቶን የሚመዝን፣ ለፍንዳታ የታሸገ ሮቦት አያስፈልገውም። በክፍተት ሾልካ የምትገባ፣ ገመድ የምትጎትት፣ ካሜራና ማይክሮፎን ያላት ትንሽ ሮቦት ግን ከዶማው በፊት ልትገባ ትችላለች፤ ሰዎቹ በየት በኩል እንዳሉ፣ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ልትናገር ትችላለች። በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ሮቦት የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአቅማቸው በላይ አይመስለኝም።

ስክሪኑ ላይ ማን ይቁም የሚለው ጥያቄ እዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ዋሻው ካርታ ስለሌለው ካርታው ያለው በቆፋሪው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። «ከሦስተኛው መታጠፊያ በኋላ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ቀኙ የእገሌ ቁፋሮ ነው» ብሎ ምስሉን የሚያነበው እሱ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በአማርኛ፣ ምልክቶቹ ማንበብ ለማይችልም ግልጽ፣ መጨበጫው ዶማ የለመደ እጅ የሚችለው፣ ስክሪኑ በደጋ ፀሐይ የሚታይ ይሁን። መሐንዲሱ ከአጠገቡ ሁለተኛው ሰው ሆኖ ይቁም። የመጀመሪያው ሙከራም አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ለእንግዶች ከሚታይ ይልቅ ደላንታ ገደሉ ላይ፣ ዋሻውን የቆፈሩት ልጆች ራሳቸው ጆይስቲኩን ይዘው ይጀመር።